ለሰመመን ሰው ያስፈልጋል

ማይኳ ዕድሜ ልኳን ሾፌሮችን «ጨጓራዬን ላጣችሁት» ስትል ኖራ፣ አንድ ቀን ጨጓራዋ እውነትም ተልጦ ሲገኝ የደነገጠ ሾፌር አልነበረም። «እኛማ ምንም አላደረግናትም፤ ራሷን በራሷ ነው የላጠችው» አለ ከመካከላቸው አንዱ፤ ሌሎቹም ሳቁ። እሷ ከመስታወት ቤቷ ውስጥ ሆና ሰማችው። ማይኩም ክፍት ነበር። «ሦስተኛው መስመር ላይ የቆምከው፣ ስቀህ ስትጨርስ መኪናህን ከመውጫው ላይ አንሳ። የኋላ ጎማህም በሳቅ ተንፍሷል» አለችው፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ።

ሥራዋ ይኸው ነው። የአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ እሷ ናት። ማይኳ የሚለውን ስም ያወጡላት ሾፌሮቹ ናቸው፤ ማይክ ያዘች አልያዘች ያው ናት ለማለት ነው። በሦስት ቃላት ቀልድ አታውቅም፦ «ሊነሳ ነው»፣ «እየተነሳ ነው»፣ «ተነሳ»። ሊነሳ ነው ካለች ውኃ ገዝቶ መመለስ ይቻላል። እየተነሳ ነው ካለች መሮጥ ነው። ተነሳ ካለች ደግሞ ወንበር ፈልጎ ቁጭ ማለት እንጂ መስታወቷን መደብደብ አይረዳም። «አሁን ይነሳል» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማት ግን አለቀለት። «አሁን ማለት መቼ ነው? አሁን የሚባል መነሻ ሰዓት አለ እንዴ? በአንተ አሁን ስንቱ ቀረ» ብላ ልኩን ታሳየዋለች።

የምትኖረው ከአንድ ጫማ ሠሪ ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ፣ ብቻዋን ነው። ባል ነበራት። የት ሄደ ብሎ ለሚጠይቃት መልሷ አጭር ነው፦ «ሊነሳ ነው ሊነሳ ነው ሲል ከርሞ ተነሳ።» ልጅ የላትም። ያላት አንዲት ታናሽ እህት ናት፤ ፀጉር ሠሪ፣ ከከተማው ማዶ የራሷ ፀጉር ቤት ያላት። ከእሷም ጋር አይነጋገሩም። ነገሩ የተበላሸው በእህትየዋ ሠርግ ላይ ነው። ሙሽራው ራሱ እንደ እንቁላል ያበራል። ማይኳ እንደ ልማዷ ማይክ ያዘች፤ ማንስ ይከለክላታል? «ሙሽራው መልካም ሰው ነው። ፀጉር ሠሪ አግብቶ የሚሠራ ፀጉር ይዞላት አልመጣም እንጂ። ሞተሩን እሷ ታውቃለች፤ ጎማው ግን አልቋል» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ሙሽራው ነበር። ሙሽራዋ አልሳቀችም። በማግስቱ «ይቅርታ በዪኝ» አለቻት። «ቀልድ ነው» አለች ማይኳ። «ይቅርታ በዪኝ አልኩሽ።» «ቀልድ ነው አልኩሽ።» እዚያ ላይ ቆመ፤ ዓመታት አለፉ፣ አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም።

እንግዲህ ሆዷ መቃጠል ሲጀምር፣ የበላችው ሁሉ እንደ ፍም ሲቀመጥባት፣ ቀሚሷም እየሰፋባት ሲሄድ ሐኪም «በካሜራ ትታይ» አለ። ካሜራው በአፍ ነው የሚገባው። ማይኳ በባዶ ሆዷ፣ ማለትም ከወትሮው በባሰ ጠባይ፣ ሄዳ አንድ ጠባብ ክፍል በር ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ስክሪን፣ መስቀያ ላይ እንደ ቀበቶ የተንጠለጠሉ ጥቋቁር ገመዶች ይታያሉ። አንዲት ፈጣን ነርስ ወጥታ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠመጠመችና፣ ዓይኗን ከመለኪያው ሳታነሳ ጠየቀቻት።

«እናቴ፣ ሰው አለሽ?»

በባዶ ሆድ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው ይኼ? አንዲት ከዚያ በፊት አይታት የማታውቅ ልጅ፣ ሰው በተሰበሰበበት ኮሪደር፣ ሰው አለሽ ወይ። የማይኳ ደም ፈላ። መለኪያውም ሳይታዘባት አልቀረም።

«ሰው ምን ያደርግልኛል?»

«የለሽም ማለት ነው?»

«የለኝም። ምን አገባሽ?»

«እሺ እናቴ» አለች ነርሷ፣ መለኪያውን እየፈታች። «ማደንዘዣ ጉሮሮሽ ላይ እናደርግልሻለን፤ አትፍሪ።»

ማደንዘዣ ሲባል ማይኳ የታያት እንቅልፍ ነው። የታችኛው ቤት ጫማ ሠሪ ሐሞቱን ሲያስወጣ «ማደንዘዣ ሰጡኝ፣ ነቃሁ፣ አለቀ» ብሎ አውርቷት ነበር። የጥርስ ሐኪም የሚወጋት መርፌም ማደንዘዣ እንደሚባል ታውቃለች፤ ግን በዚያ ሰዓት የጫማ ሠሪው እንጂ የጥርስ ሐኪሙ ትዝ አላላትም። ገብታ አፏን ከፈተች። አንድ መራራ ነገር እስከ ጉሮሮዋ ረጩባት። ምላሷ የሌላ ሰው ምላስ መሰላት። በግራ ጎኗ አስተኟት፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ፕላስቲክ አስነከሷት፣ ያ ጥቁር ገመድም መብራቱን አብርቶ ወደ አፏ መጣ።

«እንቅልፉስ?» ልትል ፈለገች። ፕላስቲክ ነክሶ እንቅልፍ የሚለውን ቃል መጥራት አይቻልም።

የሆነውን ለማንም አልተረከችም፤ የሚተረክ አይደለም። ሆዷ ወደ ላይ ሊወጣ፣ ገመዱ ወደ ታች ሊወርድ መሐል ጉሮሮዋ ላይ ተገናኙ። ነርሷ ጭንቅላቷን ያዘች፣ አንድ ሌላ ሰውዬ ደግሞ ትከሻዋን። «ዋጪ፣ ዋጪ፣ ጎበዝ፣ በአፍንጫሽ ተንፍሺ» ይሏታል። እንባዋና ልጋጓ ተደባልቆ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። በእግሯ አንድ በርጩማ መትታ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ ከዚያ ቀን የቀራት ደስ የሚል ትዝታ ይኼ ብቻ ነው። ስትወጣ ድምፅዋ የለም። መናኸሪያው ውስጥ ማይኩን የስምሪት ኃላፊው ያዘው፤ «አሁን ይነሳል» እያለም ስንቱን መንገደኛ ከነሻንጣው አስቀረ። እሷ መስታወቱን በጣቷ እየመታች፣ ድምፅ ሳይኖራት ትሰድበው ነበር። ከንፈሯን አይቶ ይረዳት እንደነበር ከፊቱ ይታወቃል።

ውጤት ልትሰማ ስትመለስ ድምፅዋ ገና ሻካራ ነበር። ሐኪሙ ረጋ ያለ፣ ሲናገር እጁን ጠረጴዛ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ነው።

«ጨጓራዎ ቆስሏል። እሱ በመድኃኒት ይድናል» አላት። «ከታች በኩል ግን አንዲት ትንሽ እባጭ አለች። መቆረጥ አለባት። ቆርጠን ካላስመረመርናት ምን እንደሆነች አይታወቅም፤ ዝም ከተባለች ደግሞ ከጊዜ በኋላ ወደ ክፉ ነገር የመለወጥ ጠባይ አላት።»

«ቁረጧታ።»

«የምንቆርጠው በዚያው በካሜራው ውስጥ ነው። ካለፈው ትንሽ ይረዝማል።»

ማይኳ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። «በዚያ ገመድ ሁለተኛ ከምትነኩኝ እባጯ ትብላኝ። እንደ በሬ ጠልፋችሁ ጥላችሁኝ፣ ዋጪ፣ ጎበዝ እያላችሁኝ። ማደንዘዣ ብላችሁ መራራ ነገር ረጫችሁብኝ። እኔ መናኸሪያ ውስጥ ተነሳ ብዬ አውቶቡሱ ቆሞ ቢገኝ ከሥራ ነው የምባረረው።»

ሐኪሙ ግንባሩን ቋጠረ። «ሰመመን አልወሰዱም እንዴ? ጉሮሮ ማደንዘዝ ሌላ ነው። ሰመመን ማለት በደም ሥር ተሰጥቶ የሚያስተኛው ነው። ብዙ ሰው እሱን ወስዶ ነው የሚታየው።» ወደ በሩ ዞር ብሎ ነርሷን ጠራት። «እኚህ ታካሚ ለምንድን ነው ሰመመን ያልተሰጣቸው?»

ነርሷ ማይኳን አየቻት፣ አስታወሰቻትም። «ሰው የላትም ነበር እኮ፣ ዶክተር።»

ሰው የላትም። እንዲህ የሚባልለት ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ማይኳ ታውቃለች፤ መናኸሪያ ውስጥ ሻንጣውን ተንተርሶ ሞቶ የተገኘ፣ ማዘጋጃ ቤት የሚቀብረው ነው። እሷ፣ ከተማው በሙሉ በእሷ ድምፅ የሚሄድና የሚመጣ፣ ሰው የላትም።

«ማነው ሰው የላትም ያለሽ?»

«አንቺ ነሽ። ጠየቅኩሽ፤ የለኝም አልሽ። ምን አገባሽም ብለሽኛል።» ነርሷም የዋዛ አይደለችም። «ሰመመን የወሰደ ሰው ብቻውን አይወጣም። ይዞት የሚሄድ፣ እስከ ማግስቱም ቤት አብሮት የሚሆን ሰው ከሌለ አንሰጥም። ደረጃ ላይ የወደቀ አለ፤ ምድጃ ለኩሶ የረሳ አለ። ለዚህ ነው የምንጠይቀው።»

«ታዲያ እንደዚያ ብለሽ አትጠይቂም? ወደ ቤት የሚመልስሽ ሰው ይዘሽ መጥተሻል ወይ አይባልም?»

«ሰው አለሽ ሲባል ሁሉም ይገባዋል፣ እናቴ።»

«እናትሽ አይደለሁም።»

«እሺ፣ አይደለሽም» አለች ነርሷ፤ እሷም ተናዳለች። «ስንት ሰው ነው በቀን የማስገባው። ስጠይቅሽ ተቆጣሽ። ምን ላድርግሽ?»

ሐኪሙ እጁን ከጠረጴዛው ሳያነሳ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ እንደሚይዝላት፣ ከሰው ጋር ከመጣች እንደምትተኛ፣ ካልመጣች ግን ይህን የመሰለ ሥራ በመርጨት ብቻ እንደማይሞክረው ነገራት። ሰው ካላመጣች እባጯ እዚያው ትቀመጣለች ማለት ነው።

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር። ማይኳ ማልቀስ አይሆንላትም። የሚሆንላት መቆጣት ነው፤ ስለዚህ ተቆጣች። ነርሷን ተቆጣች፣ ሐኪሙን ተቆጣች፣ የሊፍቱን በር ተቆጣች። በየቀኑ ሺህ ሰው ድምፅዋን ይሰማል፤ ቤቷ መጥቶ የሚያድርላትን ስትቆጥር ግን አንድ ጣቷ እንኳ አልታጠፈም። ጫማ ሠሪው ሰው ነው፣ ግን ወንድ ነው፤ ከእሷ ቤት አድሮ ቢወጣ ሰፈሩ ምን ይላል? የስምሪት ኃላፊው ወሬውን ሰምቶ «እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ምን ችግር አለ» አላት። «አንተ? አንተ ራስህ ሰመመን ላይ ነህ» አለችው፤ በውስጧ ግን እግዜር ይስጥህ ብላዋለች።

የቀረች አንዲት ሰው ነበረች። ማይኳ ስልኩን ይዛ ብዙ ተቀመጠች፤ ከዚያም እንደ ጠላት ደወለች።

«ሃሎ» አለች እህቷ። ከኋላዋ ሴቶች ይስቃሉ፣ የፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል።

«እኔ ነኝ።»

ማድረቂያው ጠፋ። «እኔ ማን?»

«አገር የሚያውቀውን ድምፅ አላውቅም ልትዪ ነው?»

«ሻክሮብሻል። ይቅርታ ልትጠይቂ ነው የደወልሽው?»

«አይደለም። ሰው ያስፈልገኛል።»

«ሰው ሲያስፈልግሽ እኔ ሰው ሆንኩ?»

«ሆዴ ውስጥ እባጭ አለ። ሊቆርጡት ነው። ሰው ካልያዝሽ አናስተኛሽም አሉኝ። ለሰው መናገር ስላለብኝ ነው የነገርኩሽ። አትምጪ።»

«መቼ ነው?»

«አትምጪ አልኩሽ እኮ።»

«መቼ ነው ብዬ ነው የጠየቅኩሽ፣ አንቺ ሴት።»

ድሮ እቴቴ ነበር የምትላት። አንቺ ሴት የመጣው ከሠርጉ ወዲህ ነው። ማይኳ ቀኑን ነገረቻትና፣ እህቷ እመጣለሁም አልመጣም ሳትል ስልኩ ተዘጋ።

በቀጠሮው ጠዋት ማይኳ እዚያው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። አጠገቧ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጉሮሯቸው እየጠበበ ስለሚያስቸግራቸው በየጊዜው እየመጡ የሚሰፋላቸው፣ ለዚያ ክፍል እንግዳ ያልሆኑ ሰው።

«ዘንድሮ ማወዳደር ጀምረዋል» አሏት፣ እንደ ቤተኛ። «የሚያስተኛውን መድኃኒት ለግማሹ ሰው በመርፌ፣ በእጅ ይሰጣሉ፤ ለግማሹ በፓምፕ። እኔ በሁለቱም ተኝቻለሁ።»

«የትኛው ይሻላል?»

«በእጅ ሲሰጡሽ ደረጃ እንደመውረድ ነው። አንድ ደረጃ፣ ቆም፣ ሌላ ደረጃ። አንዴ መሐል ላይ ብንን ብዬ ሐኪሙ ስለ ቤቱ ቧንቧ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ገመዱ እያለ ነው፤ ግን ግድ አልሰጠኝም፤ እንዲያውም ቧንቧ ሠሪ ልጠቁመው ነበር። ፓምፑ ደግሞ ሊፍት ነው። መውረድሽን አታውቂውም። ከሊፍቱ ለመውጣት ግን እኔ ትንሽ ቆየሁ። እስከ ከሰዓት ድረስ ሚስቴን ‹ዳይሬክተር› እያልኩ ስጠራት ዋልኩ።»

«ባለቤትዎ ዳይሬክተር ናቸው?»

«ኧረ አይደለችም። ደስ ብሏት ግን ዝም አለችኝ።»

ሽማግሌውን ጠሯቸውና ገቡ። ሚስታቸው ኮታቸውን ታቅፋ ቀረች። ማይኳ ያን ኮት አየችው፤ ከዚያ የኮሪደሩን ጫፍ አየች፤ ባዶ ነው። ያኔ ያችው ነርስ፣ ያንኑ መለኪያ ይዛ፣ ከፊቷ ቆመች። ከሳምንት በፊት የሆነውን ረስታው ይሁን ልማድ ሆኖባት፣ እንዳለ ደገመችው።

«እናቴ፣ ሰው አለሽ?»

የማይኳ አፍ ተከፈተ። ያዘጋጀችው ስድብ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ስትሞርደው የከረመችው። ምን እንደያዘው እንጃ፣ አልወጣም። አለኝ እንዳትል የለም፤ የለኝም እንዳትል ያ ገመድ፣ ወይ ያች እባጭ።

«አላት» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። «ምን ይደረጋል፣ አላት።»

እህቷ ናት። የሥራ ሽርጧን አላወለቀችም፤ ኮሌታዋ ላይ የፀጉር መቆንጠጫዎች ተደርድረዋል፤ ሮጣ መምጣቷን ትንፋሿ ይናገራል።

«ዘገየሽ» አለች ማይኳ።

«ደንበኛዬን ከነቢጎዲኗ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ትቻት ነው የመጣሁት።»

«አትምጪ ብዬሽ ነበር።»

«የምትይኝን የምሰማ ብሆን ባል አላገባም ነበር» አለችና አጠገቧ ቁጭ አለች። ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሁለቱም ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ አፍጥጠው ያዩት ጀመር።

ሐኪሙ መጥቶ ሽማግሌው ያሉትን በራሱ ቋንቋ ነገራት። መድኃኒቱ አንድ ነው። በአንደኛው መንገድ ሰመመን ሰጪዋ በእጇ ትንሽ ትንሽ ትገፋለች፤ በሁለተኛው ማሽን ሳያቋርጥ ያወርዳል። የቱ ቶሎ ያነቃል፣ በየቱ ትንፋሽ አይወርድም፣ በየቱስ ሰው አይንፈራገጥም፤ የሚወዳደረው ይህ ነው። «ፈቃደኛ ከሆኑ በዕጣ ይደርስዎታል። ካልፈለጉ እንደ ወትሮው በእጅ እንሰጥዎታለን።»

«በእጅ በማን?»

ሐኪሙ ወደ ነርሷ ጠቆመ። ለካስ መለኪያ መያዝ ብቻ አልነበረም ሥራዋ፤ ሰመመን ሰጪዋም እሷው ናት።

«ፓምፑን ስጡኝ» አለች ማይኳ።

«ፓምፑ የሚገኘው በዕጣ ብቻ ነው።»

«እኔ ሎተሪ ነኝ? እናንተ የተማራችሁ፣ የትኛው እንደሚሻል ሳታውቁ ነው ሰው የምታስተኙት?»

«ሁለቱም እንደሚያስተኛ እናውቃለን» አለ ሐኪሙ። «የቱ እንደሚሻል ግን አናውቅም። ብናውቅ አናወዳድርም ነበር።»

ማይኳ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው አያናድዳትም፤ የሚያናድዳት አሁን ይነሳል የሚለው ነው። ይኼኛው አላውቅም አለ፣ ቀጥ አድርጎ። «እሺ፣ ዕጣውን አውጡ» አለች። የወጣው ዕጣ ግን «በእጅ» የሚል ሆነ።

እህቷ ሳቋን ለመያዝ ወደ ጣሪያው አየች። ማይኳ ነርሷን ከእግር እስከ ራሷ ገረመመቻት። «ፓምፑ ይሻለኝ ነበር። ፓምፕ አያኮርፍም።»

«እኔም አላኮርፍም» አለች ነርሷ። «አንቺ ግን ታንኮራፊያለሽ። ስታንኮራፊ አገጭሽን ይዤ አየር የማስገባልሽ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ብንታረቅ ይሻላል።»

«ግቢ በቃ» አለች እህቷ። «ደንበኛዬ ካስኩ ውስጥ እየተጠበሰች ነው።»

ገባች። በግራ ጎኗ ተኛች። አፍንጫዋ ሥር የኦክስጅን ቱቦ፣ ጣቷ ላይ የልብስ መቆንጠጫ የመሰለ ነገር፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተደረገላት። ነርሷ እንደ ወተት የነጣ መድኃኒት የያዘ ሲሪንጅ አነሳች። «ሲገባ ክንድሽን ትንሽ ያቃጥልሻል» አለች።

«ዛሬስ አስቀድመሽ ነገርሽኝ» አለች ማይኳ፤ ፕላስቲኩን ነከሰች። ነቅታ ለመጠበቅ ቆርጣ ነበር፤ ልጅቷ ስትሳሳት በዓይኗ ልትይዛት። ክንዷ ተቃጠለ። የነርሷ ዓይኖች ከስክሪኑ ወደ ደረቷ፣ ከደረቷ ወደ ስክሪኑ ሲመላለሱ አየች፤ ሰው እንደዚያ አተኩሮ ሲያያት ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። ሊነሳ ነው፣ አለች በልቧ። እየተነሳ ነው። ሦስተኛው ቃል ላይ አልደረሰችም።

ስትነቃ በመጋረጃ የተከለለ አልጋ ላይ ነበረች። እህቷ የማይኳን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ምን ሆነሻል?» አለች ማይኳ። «እባጯ ክፉ ሆነች?»

«ወጥታለች፤ ሙሉዋን ነው ያወጧት። ለምርመራ ልከዋታል፤ ሐኪሙ መልኳ አላስፈራኝም ብሏል።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ይቅርታ ጠየቅሽኝ።»

ማይኳ በክርኗ ተደግፋ ተነሳች። «እኔ?»

«እጄን ይዘሽ ‹ጩጬ› አልሽኝ። ‹በሠርግሽ ዕለት በሰው ፊት አዋረድኩሽ፤ አፌ ቀደመኝ፤ ይቅር በዪኝ› አልሽ።»

«አላልኩም።»

«ብለሻል።»

«ብለሻል እናቴ» አለች ነርሷ ከመጋረጃው ጀርባ። «ሁለት ጊዜ ነው ያልሽው። ሽማግሌውም ሰምተው ‹ጥሩ ተናገረች› ብለዋል።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? መድኃኒቱ ነው የተናገረው።»

«መድኃኒቱ የሠርግ ወሬ ከየት ያመጣል?» አለች ነርሷ። « ሰው ሲነቃ እንዲህ ያወራል፤ በኋላ አያስታውሰውም።»

ማይኳ የዚያን ያህል ተቆጥታ አታውቅም። የበርጩማው ቀን እንኳ ይሻል ነበር። ጉሮሮዋ ደህና ነው፣ ሆዷ ደህና ነው፣ ምንም አልተሰማትም፤ ግን በገዛ አፏ፣ በገዛ ድምፅዋ፣ ስንት ዓመት በሯን ዘግታ የጠበቀችው ቃል ሳታውቀው አምልጦ ወጥቷል። በመናኸሪያዋ ማይክ ሌላ ሰው እንደተናገረበት ነው። የምትከሰው ሰው ብታገኝ በከሰሰች።

እህቷ አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገችና ጫማዋን መሬት ላይ አስቀመጠችላት። «ለማንኛውም አይቆጠርም» አለች።

«ምኑ?»

«ይቅርታው። ማደንዘዣ ያናገረው ይቅርታ ለእኔ አይሆነኝም።»

«ሰመመን ነው እንጂ ማደንዘዣ አይደለም። ማደንዘዣ የሚረጨው ነው።»

«ምንም ይሁን። ነቅተሽ ትይዋለሽ። እስክትይው ከቤትሽ አልወጣም።»

ነርሷ መጋረጃውን ገልጣ መርፌውን ነቀለችና ትእዛዟን ለእህትየዋ ነገረች፦ እስከ ነገ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ስለት እንዳትይዝ፣ እሳት እንዳትነካ፣ ቁም ነገር ላይ እንዳትወስን።

«ማይክስ?» አለች እህትየዋ።

«እሱንም ብትከለክያት ይሻላል።»

ደንበኛዋ በረዳቷ እጅ ከካስኩ መውጣቷን በስልክ አረጋግጣ፣ እህትየዋ ማይኳን ደግፋ ከጫማ ሠሪው ሱቅ በላይ ያለውን ደረጃ አወጣቻት። ማይኳ «አልደክመኝም» እያለች ሙሉ ክብደቷን ጣለችባት። ማታውን በመስኮት ተጣሉ፤ አንዷ ትከፍታለች፣ አንዷ ትዘጋለች። በማግስቱ ነርሷ ያዘዘችው ጊዜ አለፈ። እህትየዋ ከቤቷ ልብስ በሻንጣ አስመጣች። ከፀጉር ቤቷ ስትመለስ የምትገባው እዚያው ነው። የማይኳን ፀጉር አጥባ «ይኼ ፀጉር ነው ወይስ የሽቦ ብሩሽ» ብላ ሰደበቻት፤ ማይኳም ሾርባዋን «የተጣደ ውኃ» ብላ ሰደበችላት፤ ሳህኑን ግን ጠርጋ በላች።

የምርመራው መልስ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ማይኳ ወደ መስታወት ቤቷ ተመለሰች፤ ሾፌሮቹ ድምፅዋን ሲሰሙ መኪናቸውን ሳይነገራቸው አስተካከሉ። ማታ ስትገባ እህቷ አለች።

አንድ ምሽት የእህቷ ባል ደወለ። «እኔ እኮ ያኔውኑ ስቄ ጨርሻለሁ» አላት። «በፈጠረሽ ይቅርታ በያትና ሚስቴን መልሽልኝ።»

«አንተ ምን ቸገረህ? ፀጉርህን የሚሠራልህ ሰው አያስፈልግህ።»

እሱ ሳቀ፤ እህቷ ስልኩን ነጠቀቻትና ዘጋችው። ከዚያ ወገቧን ይዛ ከፊቷ ቆመች። ሻንጣዋ በሩ አጠገብ ነው፤ ቀን ቀን ልብስ እያወጣች፣ ማታ ማታ መልሳ እየሞላች እዚያው ትተዋለች፣ ለመሄድ እንደተዘጋጀ ሰው።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አለች።

ቃሉ ቅርብ ነበር። ማይኳ ምላሷ ላይ ተቀምጦ ተሰማት፤ አጭር ቃል ነው፤ በማይክ ቢሆን አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ካለችው ሻንጣው ይነሳል፤ ደረጃውን ይወርዳል፤ ይሄዳል።

«የለም» አለች።

«እንግዲያው እዚሁ ነኝ።»

«ማን ያዘሽ?» አለች ማይኳ፣ ተቆጥታ፤ ተነሥታም በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።